የመሰረዝ ሥልጣን፦ ዩዝኔት ከአይፈለጌ መልእክት ጋር ያደረገው ትግል

ዩዝኔት በመባል የሚታወቀው የኮምፒውተር የውይይት መረብ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ግዛት ሲሆን፣ ሐሳቡን ያፈለቁት ቶም ትራስኮትና ጂም ኤሊስ የተባሉ የዱክ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ የመጀመሪያውን ፕሮግራም በሙከራ መልክ የጻፈው ደግሞ በዚያው አካባቢ በሚገኘው የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ስቲቭ ቤሎቪን ነበር። የኢንተርኔት ቀደምት የሆነው አርፓኔት በዚያን ጊዜ ከአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ጋር የሥራ ውል ለነበራቸው ተቋማት ብቻ የተፈቀደ ስለነበር፣ ውሉ ያልነበራቸው ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒውተሮቻቸውን በሞደም፣ ማለትም የኮምፒውተርን ምልክት በስልክ መስመር በሚያሳልፍ መሣሪያ፣ የስልክ ዋጋ በሚረክስበት በሌሊት ሰዓት እርስ በርስ እያደዋወሉ ፋይል ከመለዋወጥ በቀር ብዙ አማራጭ አልነበራቸውም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ይህ ከእጥረት የተወለደ አሠራር የመረቡን ጠባይ ለዘለቄታው ወሰነው። ዩዝኔት ባለቤትም፣ ማእከልም፣ ዋና መሥሪያ ቤትም አልነበረውም። አንድ ተጠቃሚ የጻፈው መልእክት በመጀመሪያ በራሱ ተቋም ሰርቨር፣ ማለትም መልእክቶችን በሚያከማችና በሚያድል ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ ሰርቨሩ ቅጂውን ግንኙነት ላላቸው ጎረቤት ሰርቨሮች ይሰጣል፤ እነርሱም በተራቸው ለጎረቤቶቻቸው እያቀበሉ መልእክቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ መረቡን ሁሉ ያዳርሳል። አንዱ መልእክት ዞሮ ተመልሶ እንዳይከማች እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱ መለያ የሚሰጠው ሲሆን፣ በራስጌው ላይም ያለፈባቸው ሰርቨሮች ስም በተርታ የሚመዘገብበት የመንገድ መስመር ነበረ፤ አንድ ሰርቨር የራሱን ስም በዚያ መስመር ላይ ካገኘ መልእክቱ አስቀድሞ እንዳለፈበት ስለሚያውቅ አይቀበለውም። ጽሑፎቹ በየርእሰ ጉዳያቸው በተለዩ የውይይት ቡድኖች ይመደባሉ፤ እያንዳንዱ ተቋምም የትኞቹን ቡድኖች እንደሚይዝ፣ ለስንት ቀን እንደሚያቆይና ከማን እንደሚቀበል የሚወስነው ራሱ ብቻ ነበር።

የፕሮግራሙ የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች መረቡ በቀን ከአንድ ወይም ከሁለት መልእክት በላይ ያስተናግዳል ብለው አልጠበቁም። ቁጥሩ ከፍ ካለ በኋላ እንኳ ሥርዓት የሚያስከብሩ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው፣ የርቀት ስልክ ሂሳቡን የሚከፍሉት እንደ ቤል ላብራቶሪና ዲጂታል ኢክዊፕመንት ያሉ ጥቂት ትላልቅ ተቋማት ስለነበሩ፣ የእነዚህ ማሽኖች አስተዳዳሪዎች ማንም ሳይመርጣቸው ሰፊ የመደመጥ ሥልጣን ነበራቸው። ሁለተኛውና ይበልጥ ጠቃሚው ደግሞ፣ እያንዳንዱ ጸሐፊ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም የአንድ ድርጅት ሰው በመሆኑ፣ ያጠፋ እንደሆነ አቤቱታ የሚቀርብበት የታወቀ አስተዳዳሪ ነበረው። በዚህ ላይ ላሪ ዎል በ1984 ያሰራጨው አርኤን የተባለው የማንበቢያ ፕሮግራም አንባቢው ሊያየው የማይፈልገውን ጸሐፊ ወይም ርእስ በራሱ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ እንዲጋርድ አስችሎታል፤ ይህ ዝርዝር ግን የሚጋርደው ከአንድ ሰው ዓይን ብቻ እንጂ ከመረቡ ላይ የሚያጠፋው ነገር አልነበረም።

ከመረቡ ላይ ማጥፋት የሚቻለው በስረዛ ትእዛዝ ነበር። የስረዛ ትእዛዝ ራሱ እንደማንኛውም ጽሑፍ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚተላለፍ መልእክት ሲሆን፣ የሌላ መልእክትን መለያ ጠቅሶ ያ መልእክት ከየማከማቻው እንዲወጣ ያዝዛል። በ1983 በኋላም በ1987 የወጡት የመረቡ የደንብ ሰነዶች ይህን ትእዛዝ መላክ የሚችሉት የመልእክቱ ጸሐፊ ወይም የጸሐፊው ሰርቨር አስተዳዳሪ ብቻ መሆናቸውን ይደነግጋሉ፤ ዓላማውም ተሳስቶ የለጠፈ ሰው ጽሑፉን እንዲያነሣ ማስቻል ነበር። ይሁን እንጂ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ዘዴ ስላልነበረ የሌላውን ስም በላኪ ቦታ ላይ የጻፈ ሁሉ የሌላውን መልእክት መሰረዝ ይችል ነበር። የኋላው ታሪክ ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ሰፊ ክፍተት ዙሪያ ነው፤ ዩዝኔትን ያዳነውም የጎዳውም እርሱ ነበርና።

የአይፈለጌ መልእክት የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ቀላል ነበሩ። በሜይ 1988 አንድ ራሱን ችግረኛ የኮሌጅ ተማሪ ያደረገ ሰው ለትምህርቱ ገንዘብ እንዲዋጣለት የሚለምን ጽሑፍ በብዙ ቡድኖች ለጠፈ፤ ቁጣው በረታና ጉዳዩ በአቤቱታ አለቀ። ከዚያ በኋላ በሰንሰለት እየተላለፈ ገንዘብ በፍጥነት ያስገኛል የሚባለው ደብዳቤ ለዓመታት ከቡድን ወደ ቡድን ሲዞር ኖረ። ይበልጥ አስተማሪ የሆነው ግን በማርች 31 ቀን 1993 የደረሰው ነው። ሪቻርድ ዴፑ የተባለ የኦሃዮ ሰው ስም የለሽ ጽሑፎችን ከተለጠፉ በኋላ በራሱ ፈልጎ የሚሰርዝ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር፤ ፕሮግራሙ ግን በአሠራር ስሕተት የገዛ ራሱን መልእክቶች እንደ ጥፋት እየቆጠረ መልስ ሲሰጥባቸው አንዱን የአስተዳዳሪዎች ቡድን ሁለት መቶ ያህል መልእክት አጥለቀለቀው። መረቡን ለማጽዳት የተሠራው የመጀመሪያው ሳይሆን የማይቀር አውቶማቲክ መሣሪያ ቡድኑን ራሱ በቆሻሻ መሙላቱ ኋላ ለሚመጡት ሰራዦች ሁሉ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባ ነበር፤ ለአንዳንዶቹም ሆኗል።

የ1994 ዓመት ሁለት ድርጊቶችን አከታትሎ አመጣ። በጃንዋሪ 18 ቀን የአንድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር አስተዳዳሪ የክርስቶስ ዳግም ምጽአት መቃረቡን የሚያውጅ ጽሑፍ ሊደርስበት ወደቻለው ቡድን ሁሉ ላከ። ይህ ሰው የሚሸጠው ነገር አልነበረውም፤ ስለዚህም አይፈለጌ መልእክት የንግድ ማስታወቂያ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ገና ሳይጸና አፈረሰው። ከሦስት ወር በኋላ፣ በኤፕሪል 12 ቀን፣ በአሪዞና ግዛት ፊኒክስ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ባልና ሚስት የሕግ ጠበቆች ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲግል ከ5,500 በሚበልጡ ቡድኖች አንድ ማስታወቂያ ለጠፉ።

ማስታወቂያው የሚያስታውቀው ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ያልሆነ ነገር ነበር፤ ዲቪ በሚል ስም ከተማ ገጠሩ የሚያውቀውን የአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ሎተሪ። በ1990 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በየዓመቱ 55,000 ቪዛ በዕጣ እንዲሰጥ ሲደነግግ፣ የመጀመሪያው ምዝገባ የተካሄደው በ1994 ነበር፤ ምዝገባውም በፖስታ በሚላክ ቀላል ማመልከቻ የሚፈጸምና ምንም ክፍያ የማይጠየቅበት ነበር። ጠበቆቹ ዕጣው የመጨረሻው ሊሆን ይችላል የሚል ስጋት እየጫሩ፣ ማንም በነጻ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር በክፍያ ሊያደርጉ ተዘጋጁ። በአዲስ አበባ የኢንተርኔት ቤቶች የዲቪ ፎርም በክፍያ የሚሞሉ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ሲበራከቱ ያየ አንባቢ የገበያውን ጠባይ ይረዳዋል፤ ልዩነቱ የአዲስ አበባዎቹ ቢያንስ ለሚያስከፍሉት ገንዘብ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት የሚያቀርቡ መሆናቸው ነው።

ቁጣው ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ የሆነው በማስታወቂያው ይዘት ብቻ አይደለም። ዩዝኔት አንድን ጽሑፍ በብዙ ቡድኖች ለማውጣት ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ማጣመር ሲሆን፣ በአንድ መልእክት ራስጌ ላይ የብዙ ቡድኖች ስም ይዘረዘራል፤ በዚህ ጊዜ ሰርቨሩ የሚያከማቸው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ በአንዱ ቡድን ያነበበውም ሰው በሌላው ቡድን ድጋሚ አይመጣበትም። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ቡድን የተለየ መለያ ያለው አዲስ መልእክት መላክ ነው፤ ይህ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ቅጂ ቦታ ይወስዳል፣ በየመስመሩ ይጓጓዛል፣ ሃያ ቡድን የሚከታተል አንባቢም ሃያ ጊዜ ያየዋል። ጠበቆቹ በፕሮግራም አማካይነት ያደረጉት ሁለተኛውን ነበር። አገልግሎት የሚሰጣቸው ድርጅት ሰርቨር በአቤቱታ ኢሜይል ብዛት ደጋግሞ ወድቆ ሂሳባቸው ተዘጋ፤ ባልና ሚስቱ ግን ይቅርታ ከመጠየቅ ይልቅ ድርጊቱ ከ100,000 ዶላር በላይ ንግድ እንዳመጣላቸው አወጁና፣ በዚያው ዓመት በኢንተርኔት ሀብት ስለ ማፍራት የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተሙ። ካንተር በ1997 በቴኔሲ ግዛት ከጠበቆች ዝርዝር የተሰረዘ ሲሆን፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ማስታወቂያ ነበር።

የጠበቆቹ ድፍረት የቀደመውን ሥርዓት ባዶነት አጋለጠው። አቤቱታ የሚሠራው አጥፊው የሚያጣው ነገር ሲኖረው ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ በወር መስመር የሚከራይ ሰው ግን አንዱ ሲዘጋበት ወደ ሌላው ይሄዳል። ስለዚህ ጥያቄው ሌላ መልክ ያዘ፤ ባለቤት በሌለው መረብ ላይ የሌላውን ሰው ጽሑፍ የመሰረዝ ሥልጣን ያለው ማን ነው? በወጣትነቱ ኖርዌይ ውስጥ ሆኖ በዚያው ዓመት መልስ የሰጠው አርንት ጉልብራንድሰን፣ የካንተርና ሲግል አዲስ ልጥፍ በታየ ቁጥር የስረዛ ትእዛዝ የሚያወጣ ፕሮግራም ሠራ። በዚያው ዘመን ካንስልሙስ በሚል የብዕር ስም የተሰወረና ማንነቱ በይፋ ያልታወቀ ሰው በስፋት የተለጠፉ መልእክቶችን መሰረዝ ጀመረ። ይህ ስውር ሰው ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር ጥንቃቄው ነበር፤ የሰረዘውን ሁሉ ለምን እንደ ሰረዘ፣ በስንት ቡድን እንደ ተለጠፈና ዋናው ጽሑፍ ምን እንደሚል ለዚሁ ጉዳይ በተከፈቱት የአስተዳዳሪዎች ቡድኖች በይፋ ዘግቦ ያሳውቅ ነበር። ማንነቱን የደበቀ ሰው ሥራውን አንድም ሳይደብቅ ማቅረቡ በጊዜው የነበሩትን ተከራካሪዎች ብዙዎቹን አሳመነ።

ለዚህ አሠራር ሕጋዊነት የሚመስል ነገር የሰጠው ግን ሴት ብራይድባርት ያቀረበው መለኪያ ነው። የብራይድባርት መለኪያ የሚባለው ስሌት የመልእክቱን ይዘት ጨርሶ አይመለከትም፤ የአንዱን ጽሑፍ እያንዳንዱን ቅጂ ወስዶ ያ ቅጂ የወጣባቸውን ቡድኖች ብዛት ስኩዌር ሩት ያሰላና ውጤቶቹን ይደምራል። በዘጠኝ ቡድኖች ተጣምሮ አንድ ጊዜ የወጣ ጽሑፍ መለኪያው 3 ሲሆን፣ ያው ጽሑፍ በዘጠኙ ቡድኖች ዘጠኝ ጊዜ ለየብቻ ቢለጠፍ 9 ይሆናል። በ45 ቀናት ውስጥ ድምሩ 20 የደረሰ ወይም ያለፈ ጽሑፍ ሊሰረዝ ይችላል ተባለ። ቀመሩ አንባቢንና ሰርቨርን ለሚቆጥበው ማጣመር ቅናሽ የሚሰጥ፣ በተናጠል መድገምን ደግሞ የሚቀጣ ነው። ከሁሉ የበለጠው ጥበቡ ግን ሰባኪውን ከነጋዴው፣ ትክክለኛውን ከአታላዩ አለመለየቱ ነው። ሰራዦቹ አንድ ጽሑፍ መጥፎ ነው ብለው የመፍረድ መብት ቢጠይቁ ኖሮ መረቡ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሃይማኖትና በፖለቲካ ጎራ ተከፋፍሎ እርስ በርሱ ይሰራረዝ ነበር፤ መቁጠር ብቻ በመጠየቃቸው ግን የሚቃወሟቸው እንኳ ቁጥሩን ራሳቸው ሊያረጋግጡ ቻሉ። ይህ ቀመር በብዙ የኢንተርኔት ታሪክ መጻሕፍት በግርጌ ማስታወሻ የሚያልፍ መሆኑ የሚያስገርም ነው፤ በዘመኑ ከተጻፈው ፕሮግራም ሁሉ ይልቅ ሥርዓት ያመጣው እርሱ ነበርና።

ሁለተኛው መላ ከመንገድ መስመሩ የተገኘ ነው። ሰራዦቹ በሚልኩት የስረዛ ትእዛዝ የመንገድ መስመር ላይ ሳይበርስፓም የሚል፣ በእውን የሌለ የሰርቨር ስም ለማስገባት ተስማሙ። አንድ አስተዳዳሪ የሌላ ሰው ስረዛ በማሽኑ ላይ እንዳይሠራ ከፈለገ ይህን ስም የራሱ ሌላ ስም አድርጎ ማስመዝገብ ብቻ ይበቃው ነበር፤ ማሽኑም ትእዛዙ አስቀድሞ ያለፈበት ስለሚመስለው አይቀበለውም። በዚህ ዓይነት የስረዛው ሥልጣን ከላይ የወረደ ትእዛዝ ሳይሆን ማንም እምቢ ሊለው የሚችል ሐሳብ ሆነ። አብዛኞቹ እምቢ አላሉም፤ ማለት የሚችሉ መሆናቸው ግን በቂ ነበር።

ክፍተቱ ሆኖም ለሁሉም ክፍት ነበር። ሳይንቶሎጂ የተባለውን እምነት የሚተች አንድ ቡድን በ1994 መጨረሻና በ1995 መጀመሪያ ላይ ማንነታቸው ባልታወቁ ሰዎች መልእክቶቹ ይሰረዙበት ጀመር፤ በጃንዋሪ 1995 ደግሞ የእምነቱ ተቋም ጠበቃ ቡድኑ ራሱ ከነስሙ እንዲጠፋ የሚያዝዝ መልእክት ለመረቡ ላከች። ትእዛዙን አብዛኞቹ ሰርቨሮች ሳይፈጽሙት ቀሩ፤ ውዝግቡም ቡድኑን ከማጥፋት ይልቅ ይበልጥ አስነበበው። በሴፕቴምበር 1996 ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መልእክቶች በጥላቻ በተላኩ የሐሰት ስረዛዎች ጠፉ። እነዚህ ሰዎች የብራይድባርትን ቀመር አያሰሉም፣ ሳይበርስፓም የሚለውን ምልክትም አያኖሩም ነበር፤ የሚጠቀሙበት መሣሪያ ግን ከመልካሞቹ ሰራዦች መሣሪያ አንድም ልዩነት አልነበረውም። ካንስልሙስ ራሱ ይህን አስቀድሞ የተረዳው ይመስላል፤ በ1995 ስረዛን ትቶ ኖሲም የሚባል ሌላ ዘዴ አቀረበ። ኖሲም ትእዛዝ ሳይሆን ማሳሰቢያ ነው፤ አንድ ሰው አይፈለጌ ያላቸውን መልእክቶች መለያ ዘርዝሮ፣ ሊጭበረበር በማይችል ዲጂታል ፊርማ ፈርሞ ያወጣዋል፤ አንባቢው ወይም የሰርቨሩ አስተዳዳሪ የሚያምናቸውን ፈራሚዎች መርጦ ዝርዝራቸውን ይከተላል፣ የማያምናቸውን ይተዋል። ከመርህ አንጻር ኖሲም ከስረዛ የተሻለ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን የእያንዳንዱን ሰው ምርጫ ስለሚጠይቅና ስረዛ ደግሞ ያለ ማንም ድካም ስለሚሠራ፣ የተሻለው ዘዴ የቀላሉን ያህል አልተስፋፋም።

አይፈለጌ መልእክት የሚለጥፉት ደንበኞች ሳይሆኑ እነርሱን ዝም ብሎ የሚያስተናግደው ድርጅት ጥፋተኛ ሲሆን ደግሞ የሚወሰደው እርምጃ የዩዝኔት የሞት ቅጣት በሚል የተጋነነ ስም ይታወቅ ነበር። ቅጣቱ ከድርጅቱ የሚወጣ መልእክት ሁሉ፣ የንጹሐን ደንበኞች ጽሑፍ ሳይቀር፣ እንዲሰረዝ ወይም እንዳይተላለፍ ማድረግ ነው፤ ለቀስተኛ ቤት የማይደርስን አባል እድር እንደሚያገልለው ሁሉ፣ መረቡም ለጎረቤት ግዴታ የማይገዛውን ያገልል ነበር። በኦገስት 1997 ይህ ቅጣት የወረደበት ዩዩኔት የተባለው ድርጅት ነው። ዩዩኔትን በ1987 ያቋቋመው የዩዝኔት ፕሮግራም አዘጋጅና ከደንብ ሰነዶቹ ጸሐፊዎች አንዱ የነበረው ሪክ አዳምስ ሲሆን፣ ድርጅቱ የተፈጠረውም ዩዝኔትን በክፍያ ለማድረስ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን በሌላ ኩባንያ እጅ ገብቶ፣ የስልክ መስመሮቹን ለሌሎች አገልግሎት ሰጪዎች እያከራየ፣ ከመስመሮቹ የሚፈሰውን ቆሻሻ የማያይ ግዙፍ ሆኖ ነበር። ቅጣቱ ሳምንት ሳይሞላው ድርጅቱ መቆጣጠሪያ አበጅቶ ተነሣለት። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ኮምፑሰርቭ ተመሳሳይ ዕጣ ደረሰውና ከዚያ ባጠረ ጊዜ ውስጥ ታረመ። ገንዘብም ፍርድ ቤትም የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ትልልቅ ኩባንያዎችን በቀናት ውስጥ ማስታረማቸው በኢንተርኔት ታሪክ ብዙ አቻ የለውም። ንጹሐን ደንበኞች የከፈሉት ዋጋ ግን በቂ ክርክር የተደረገበት አይመስልም።

በኤፕሪል 1998 ሰራዦቹ ሥራ አቆሙ። ዓላማቸው በነጻ ጉልበታቸው ተሸፍኖ የኖረው ጎርፍ ለሁሉም እንዲታይና፣ እያንዳንዱ ሰርቨር አይፈለጌ መልእክትን ገና ከበር እንዲመልስ ነበር። ለዚህም መሣሪያው ተዘጋጅቶ ነበር፤ ክሊንፊድ የተባለው ማጣሪያ ፕሮግራም የሚገባውን እያንዳንዱን መልእክት አካል ወደ አጭር የቁጥር አሻራ ይለውጠውና፣ ያው አሻራ ደጋግሞ ከመጣ ቀሪውን አይቀበልም። የብራይድባርት የመቁጠር ሐሳብ በዚህ መልክ ከሰዎች እጅ ወጥቶ በየሰርቨሩ ውስጥ ገባ፤ በመጠን ያነሰ፣ ማንንም የማያዝዝ፣ ለክርክርም ያልተመቸ ሆነ። የሐሰት ስረዛን የሚከላከለው ቁልፍ፣ ማለትም ጸሐፊው ብቻ በሚያውቀው ምስጢር መልእክቱን የሚያስርበት ዘዴ፣ በዚያው ዘመን የታሰበ ቢሆንም በደንብ ሰነድ ተጽፎ የወጣው በ2018 ነው። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ተወያይ ዩዝኔትን ትቶ ከሄደ ቆይቷል።

የቀሩት ቡድኖች የመጨረሻ ትልቅ ፈተና የመጣባቸው ከአንድ በር ነው። ጉግል በ2001 ደጃ የተባለውን የዩዝኔት ማኅደር ገዝቶ ጉግል ግሩፕስ በሚለው አገልግሎቱ በኩል ማንም በድረ ገጽ ወደ ዩዝኔት እንዲጽፍ ከፈቀደ በኋላ፣ ከዓመት ዓመት ከዚያ የሚመጣው አይፈለጌ መልእክት በረከተ፤ በ2023 መጨረሻ ላይም በርካታ የፕሮግራም አጻጻፍ ቡድኖች በቁማር ማስታወቂያ ተጥለቀለቁ። የቀድሞዎቹ ቢሆኑ የሞት ቅጣት ያውጁ ነበር፤ የዘመኑ አስተዳዳሪዎች ግን ብዙዎቹ ያለ አዋጅ፣ እያንዳንዱ በየማሽኑ፣ ከጉግል የሚመጣውን ማገድ ያዙ። ጉግል በዲሴምበር 2023 ከዩዝኔት እንደሚወጣ አስታውቆ በፌብሩዋሪ 22 ቀን 2024 ግንኙነቱን አቋረጠ።

በዚያው በፌብሩዋሪ 2024 ሌላ ያልተማከለ መረብ ተመሳሳይ ጎርፍ ገጠመው። ማስቶዶን የተባለው፣ ኦይገን ሮኽኮ በ2016 የጀመረው ፕሮግራም፣ እንደ ዩዝኔት ሁሉ በሺዎች በሚቆጠሩ ነጻ ሰርቨሮች ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ ሰርቨሮቹ የሚነጋገሩበት አክቲቪቲፐብ የተባለው ደንብ በ2018 ጸድቋል። አጥቂዎቹ ጠባቂ የሌላቸውንና ምዝገባቸው ለማንም ክፍት የሆነውን ትንንሽ ሰርቨሮች መርጠው በነዚያ በኩል የሐሰት ሂሳቦችን በገፍ ከፈቱ፤ አስተዳዳሪዎችም የነዚያን ሰርቨሮች ስም በዝርዝር እየተለዋወጡ ግንኙነት አቋረጡባቸው። ዝርዝሩን የሚያወጣው ማን እንደሆነ፣ በስሕተት የገባ ሰርቨር በምን መንገድ እንደሚወጣና ዝርዝሩን ያልተቀበለ አስተዳዳሪ ራሱ ሊታገድ ይገባ እንደሆነ በማስቶዶን አስተዳዳሪዎች ዘንድ የሚደረገው ክርክር አልተቋጨም፤ የማስቶዶን ደንብ ግን በአንዱ ሰርቨር ላይ የተወሰነ እገዳ በሌላው ማሽን ላይ በራሱ እንዲፈጸም አያደርግም፤ ዝርዝሩን ይቀበል ወይም አይቀበል እንደሆነ የሚወስነው እያንዳንዱ አስተዳዳሪ ራሱ ነው።